በሬንጅፋይንደር ካሜራ የፎከስ ስሕተት ከወዴት ይመጣል?

ፎቶግራፍ አንሺው የሰውየውን ዓይን ዒላማ አድርጎ ካሜራውን አስተካከለ፤ በመመልከቻው ውስጥ ሁለቱ ምስሎች አንድ ሆነው ገጠሙ፤ ፎቶግራፉ ሲታይ ግን ጥርት ብሎ የወጣው ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው የራሱን ዓይን ወይም የእጁን መንቀጥቀጥ ነው። ወቀሳው አንዳንድ ጊዜ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓይኑም እጁም ትክክል ሆነው ስሕተቱ በመሣሪያው ውስጥ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ የስሕተቱም መጠን ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት የማይበልጥ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ይህች የፀጉር ዘለላ የምታህል ስሕተት ከየት ከየት እንደምትመጣ እንመለከታለን። ጉዳዩን ለመረዳት የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪና በፊዚክስ ትምህርት የሚታወቀው የሌንስ ቀመር ይበቃሉ። ርእሱ ስለ አንድ ዓይነት ካሜራ ብቻ ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው ጥያቄ በማንኛውም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም በቀጥታ የማናየውን ነገር በሌላ መሣሪያ አማካይነት ስንለካ፣ መለኪያውና የሚለካው ነገር መስማማታቸውን በምን እናውቃለን? የሚለው ነው።

ማየትና መለካት

ተማሪዎች በብዛት የሚያውቁት የፊልም ካሜራ ባለ መስተዋት የሚባለው ነው። በእርሱ ውስጥ በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ይደርሳል። ስለዚህ ተመልካቹ ምስሉ ሲጠራና ሲደበዝዝ በገዛ ዓይኑ ያያል። በሬንጅፋይንደር፣ ማለትም ርቀት መለኪያ በተገጠመለት ካሜራ ላይ ግን ተመልካቹ በሌንሱ ውስጥ ፈጽሞ አይመለከትም። የሚመለከተው ከሌንሱ በላይ ባለች ሌላ መስኮት ነው። ከእርስዋ ጥቂት ራቅ ብላ ሁለተኛ ትንሽ መስኮት ትገኛለች፤ በእርስዋ የገባው ምስል በሚንቀሳቀስ መስተዋት ወይም ፕሪዝም ተጠምዝዞ በመመልከቻው መካከል ባለች ብሩህ አራት ማዕዘን ላይ ያርፋል። በዚህም የተነሣ ተመልካቹ አንዱን ነገር ሁለት ሆኖ ያየዋል። የሌንሱ ቀለበት ሲዞር የሌንሱ የኋላ ጠርዝ በካሜራው አፍ ውስጥ ያለችን ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ ይገፋል፤ ጎማዋ ዘንግ ታንቀሳቅሳለች፤ ዘንጉም መስተዋቱን ያዞራል። ሁለቱ ምስሎች አንድ ሲሆኑ ሌንሱ ለዚያ ርቀት ተስተካክሏል ይባላል።

«ይባላል» ያልነው ሆን ብለን ነው። ተመልካቹ ያረጋገጠው የሁለቱን መስኮቶች መግጠም ብቻ ነው። ሌንሱ በፊልሙ ላይ የጠራ ምስል መጣሉን የሚያውቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው።

የዚህ አሠራር ታሪክ አጭር ነው። የኦስካር ባርናክ ፈጠራ የሆነችውና በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ የኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ያመረታት ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ስትቀርብ ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ አልነበራትም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ርቀቱን በግምት ወይም በተለየ መሣሪያ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ላይትስ ሁለተኛዋን ላይካ፣ ተወዳዳሪው ዛይስ ኢኮን ደግሞ ኮንታክስን ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ አድርገውላቸው አወጡ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በአንድ ዓመት አንድ ሐሳብ ቢያወጡም መለኪያቸው አንድ አልነበረም፤ ይህ ልዩነት ያስከተለውን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የጎነ ሦስቱ ነገር

አውራ ጣትህን ፊት ለፊትህ ዘርጋና በየተራ አንዱን ዓይንህን ጨፍን። ጣትህ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ይዘልላል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። የካሜራው ሁለት መስኮቶች እንደ ሁለቱ ዓይኖች ናቸው፤ ለምሳሌ በላይካ ኤም 6 ላይ በመካከላቸው ያለው ርቀት 69.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት ብዙም አይለይም። ይህ ርቀት የጎነ ሦስቱ መሠረት ነው። የሚነሣው ሰው በጎነ ሦስቱ ጫፍ ይቆማል፤ በጫፉ ላይ ያለው ዘዌ (አንግል) በራዲያን ሲለካ ከመሠረቱ በርቀቱ ሲካፈል ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ዘዌው እጅግ ትንሽ ነውና።

መመልከቻው ምስሉን የሚያሳንስ ከሆነ ግን ይህ መሠረት በሙሉ አይጠቅመንም። የኤም 6 መደበኛ መመልከቻ ነገሮችን በ0.72 እጥፍ ያሳያል። ስለዚህ ውጤታማው መሠረት 69.25 በ0.72 ሲባዛ የሚገኘው 49.9 ሚሊ ሜትር ነው። ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ዘዌ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ያህል፣ በራዲያን 0.00029 ነው። (ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መግጠም አለመግጠማቸውን ለመለየት ዓይናችን ከዚህ እጅግ የተሻለ ስለሆነ፣ የምንሠራው ስሌት ለጥንቃቄ ያደላ ነው።) ከዚህ በመነሣት፦

የርቀት ስሕተት = (ርቀት × ርቀት × 0.00029) ÷ ውጤታማ መሠረት

በ1 ሜትር ላይ ስሕተቱ 5.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ3 ሜትር ላይ ዘጠኝ እጥፍ፣ ማለትም 5.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ10 ሜትር ላይ 58 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢ «ይህ መሣሪያ ለሩቅ ነገር የማይረባ ነው» ሊል ይችላል፤ ድምዳሜው ግን የተቻኮለ ነው። ምክንያቱም ሌንሱም ለሩቅ ነገር ይቅር ባይ ነውና።

ሌንስ አንድን ርቀት ብቻ ፍጹም ጥርት አድርጎ ይስላል፤ ከዚያ ፊትና ኋላ ያለው ነጥብ በፊልሙ ላይ ትንሽ ክብ ይሆናል። ክቡ ዓይናችን ከነጥብ የማይለየው ያህል ትንሽ ከሆነ ምስሉን ጥርት ያለ እንለዋለን። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለረጅም ዘመን የተለመደው የዚህ የብዥታ ክብ ወሰን 0.03 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ የሚፈቀደው የርቀት ስሕተት በአንድ ወገን በግምት የሚከተለው ነው፦

የሚፈቀድ ስሕተት = (ርቀት × ርቀት × የኤፍ ቁጥር × የብዥታ ክብ) ÷ (ፎካል ርቀት × ፎካል ርቀት)

የኤፍ ቁጥር ማለት ፎካል ርቀቱ ለብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ቁጥሩ ያንሳል። ሁለቱን ቀመሮች አስተያዩ። በሁለቱም ውስጥ ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ሲነጻጸሩ ርቀቱ ይሰረዛል! አንድ ሬንጅፋይንደር ለአንድ ሌንስ በ1 ሜትር ላይ የሚበቃ ከሆነ በ10 ሜትር ላይም ይበቃል፤ የማይበቃም ከሆነ በየትኛውም ርቀት አይበቃም። የሚወስኑት የሌንሱ ፎካል ርቀት፣ የቀዳዳው ስፋትና የካሜራው መሠረት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ቀመሮች የሚገኘው አነስተኛ መሠረት ለ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለ90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ 39 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ወደ 44 ይጠጋል፤ አሁንም ከ49.9 በታች ነው። ለ135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ግን 63 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ካሜራው ከሚሰጠው ይበልጣል።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። ላይትስ 135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤልማሪት ሌንሱን ለኤም ካሜራዎች ሲሠራ በካሜራው መስኮቶች ፊት የሚቆም መነጽር አብሮ ገጥሞለታል። መነጽሩ የመመልከቻውን ምስል በ1.5 እጥፍ ያጎላል፤ 49.9 በ1.5 ሲባዛ 74.9 ስለሚሆን ከ63 አለፈ ማለት ነው። ሌንሱን የሚያይ ሰው ለጌጥ የተጨመረ ወይም ያለ ቦታው የተሰካ ዕቃ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ የጎነ ሦስቱን ስሌት ላወቀ ግን ምክንያቱ ወዲያው ይገለጥለታል።

51.6

እስከ አሁን የተመለከትነው የዓይን ስሕተት ነው። ይህ ዓይነቱ ስሕተት አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይላል፤ ደጋግሞ በማንሳት ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ የምናየው ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላውን ነው፤ እርሱንም ድግግሞሽ አያድነውም።

የሌንስ ቀመር እንደሚያስተምረን ሌንስ ወደ ቅርብ ነገር ሲያነጣጥር ከፊልሙ መራቅ አለበት። የሚርቀውም መጠን ፎካል ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከነገሩ ርቀት ላይ ፎካል ርቀቱ ተቀንሶ ለሚገኘው ሲካፈል ነው። ካሜራዋ የሌንሱን መራቅ ወደ ርቀት የምትተረጉመው በጎማዋና በዘንጓ ስለሆነ፣ ሲሠሩ ለአንድ የታወቀ ፎካል ርቀት መቃኘት ነበረባቸው። በሌንስ ላይ «50 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ክብ ቁጥር ነው፤ የላይካ መለኪያ የተቃኘው በእውነቱ ለ51.6 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ 1 ሜትር ላይ ላለ ነገር 2.81 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ ጎማዋም ያንኑ ያህል ትንቀሳቀሳለች።

90 ሚሊ ሜትር ሌንስስ? ለ1 ሜትር 8.90 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት፤ ጎማዋ ግን የምታውቀው 2.81 ብቻ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ሁለት የተለያዩ ጠመዝማዛ ጥርሶች ይቀረጹለታል፤ አንዱ መስታወቱን ይወስዳል፣ ሌላው በዝግታ የኋላውን ቀለበት ይወስዳል። ሌንሱ በዚህ መንገድ 51.6 እንደሆነ አድርጎ ለካሜራዋ «ይተረጉማል»። ትርጉሙ ግን ዋጋ አለው። በ1 ሜትር ላይ የሁለቱ እንቅስቃሴዎች ድርሻ 3.17 ለ1 ስለሆነ፣ በቀለበቱ ወይም በጎማዋ ላይ ያለች የ0.01 ሚሊ ሜትር ስሕተት በምስሉ ቦታ ላይ ወደ 0.03 ታድጋለች። በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ደግሞ 7.5 እጥፍ ሆና 0.075 ትደርሳለች። በፊልሙ አካባቢ የሚፈቀደው ስሕተት የኤፍ ቁጥሩ በብዥታው ክብ ሲባዛ የሚገኘው ነውና ለኤፍ 2.8 ያለው 0.084 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዲት መቶኛ ሚሊ ሜትር የተፈቀደውን ሁሉ ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም። በአሮጌ ካሜራ ላይ የጎማዋ መበላት፣ የካሜራዋ አንድ ጊዜ መውደቅ፣ የሌንሱ ጥርስ ቅባት መድረቅ ይህን ያህል ስሕተት ለመፍጠር ከበቂ በላይ ናቸው።

የሁለት መለኪያዎች ጋብቻ

አሁን ወደ ኮንታክስ እንመለስ። የዛይስ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች እውነተኛ ፎካል ርቀት ወደ 52.4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነበር። ኮንታክስ ለዚያ ስለተቃኘች በራስዋ ቤት ችግር አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የኮንታክስ ማምረቻ መሣሪያዎች በጦር ካሣነት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተወሰዱ፤ ኮንታክስ በኪየቭ ከተማ «ኪየቭ» ተብላ መመረት ጀመረች። በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የላይካ ዝርያ የሆነችው ዞርኪ ትሠራ ነበር። የዛይስ ሶናር ሌንሶችም «ዩፒተር» ተብለው ለኪየቭም ለዞርኪም በሚስማማ አፍ ተሠሩ። ይህም ማለት ከላይካ የተወለደ አፍና ከዛይስ የተወለደ ሌንስ ተጋቡ ማለት ነው። የሶቭየት ካሜራዎች ለ52.4 ስለተቃኙ ጋብቻው በቤታቸው ሰላማዊ ነበር።

ችግሩ የተነሣው ሰዎች ዩፒተር-3ን ወይም ዩፒተር-8ን ፈትተው በላይካ ላይ ሲገጥሙ ነው። ጥርሱ አንድ ዓይነት የ39 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው፤ ከአፉ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀትም በሁለቱም 28.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሱ ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል። እልቆ ቢስ ርቀት ላይ ያለ ተራራ ሲነሣ ውጤቱ እጅግ መልካም ነው። ሰው በቅርብ ሲነሣ ግን ጆሮው ይጠራል።

እናስላው። ካሜራዋ 1 ሜትር ስትል ሌንሱን 2.81 ሚሊ ሜትር ታስወጣዋለች። ባለ 52.4 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ግን ለ1 ሜትር 2.90 ያስፈልገው ነበር። ልዩነቱ 0.09 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያቺ የፀጉር ዘለላ ይህች ናት። በዚህ ሁኔታ ሌንሱ በእውነት የሚያነጣጥረው በ1 ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ከዓይን ወደ ኋላ 3 ሴንቲ ሜትር መሄድ ማለት ነው። በኤፍ 1.5 የሚፈቀደው 0.045 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስሕተቱ ከወሰኑ ሁለት እጥፍ ሆኗል። በ3 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 0.028 ይወርድና ወሰኑ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ወደ ኤፍ 4 ከጠበበም የተፈቀደው 0.12 ስለሚሆን በ1 ሜትር ላይ እንኳ ማንም አያስተውለውም። አንዱ «ሌንሱ ድንቅ ነው»፣ ሌላው «ሌንሱ የተበላሸ ነው» እያሉ የሚከራከሩት ሁለቱም እውነታቸውን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያነሡበት ርቀትና ቀዳዳ ይለያያል እንጂ ሌንሱስ አንድ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? የፎካል ርቀትን መለወጥ አይቻልም። የሌንስ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ ግን ከመስታወቱ ክፍል ሥር ስስ የብረት ቀለበት ጨምሮ ሌንሱን በጥቂቱ ወደ ፊት ሊያወጣው ይችላል። 0.09 ከተጨመረ 1 ሜትር ይስተካከላል፣ ሩቁ ግን ይበላሻል። ስሕተቱን እኩል ከፍሎ 0.045 ቢጨምርስ? ያን ጊዜ ሩቁም ቅርቡም በኤፍ 1.5 በሚፈቀደው ወሰን ጫፍ ላይ ይቆማሉ። እንደ እኛ እምነት ግን በኤፍ 1.5 ተራራ የሚያነሣ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ፣ ማስተካከያውን ወደ ቅርቡ ማድላቱ የተሻለ ነው። ተመሳሳይ ጠንቅ በኒኮን የቀድሞ ሬንጅፋይንደር ካሜራዎችም አለ፤ አፋቸው የኮንታክስን ቢመስልም መለኪያቸው ለላይካው የቀረበ ነው። በዚህም ምክንያት ሰፊ ነገር የሚያሳዩ አጭር ሌንሶችን መዋዋስ ሲቻል፣ ረጅሞቹን በሰፊ ቀዳዳ በቅርብ መጠቀም ግን አያዋጣም።

ሌንሱ ራሱ ሲሸሽ

መለኪያው ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ስሕተት ሊኖር ይችላል። ክብ ገጽ ያለው ሌንስ በጠርዙ የሚያልፉትን ጨረሮችና በመካከሉ የሚያልፉትን በአንድ ነጥብ አይሰበስብም፤ የጠርዞቹ ጨረሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌንሱ ቀረብ ብለው ይገናኛሉ። ይህ ስፌሪካል አበሬሽን ይባላል። ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ምርጡ ምስል የሁለቱ ጨረሮች መካከለኛ በሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። ቀዳዳው ሲጠብ የጠርዙ ጨረሮች ስለሚታገዱ ምርጡ ቦታ ከሌንሱ ይርቃል። ፊልሙ ካለበት አይንቀሳቀስምና ጥርት ብሎ የሚታየው ነገር ከካሜራው ራቅ ያለው ይሆናል። ባለ መስተዋት ካሜራም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ተመልካቹ የሚያየው በሰፊው ቀዳዳ ሲሆን ፎቶግራፉ የሚነሣው በጠበበው ነውና። በሬንጅፋይንደር ላይ ግን የቀዳዳው መጥበብ በመመልከቻው ውስጥ ምንም ለውጥ አያሳይም።

የዚህ ጠባይ ታዋቂ ምሳሌ ሶናር ነው። ሉድቪግ በርቴሌ በዛይስ ኢኮን ሳለ የነደፈው ይህ ሌንስ በጥቂት የአየር ክፍተቶች ብዙ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የመስታወት ገጾች ልዩ ቅባት ገና ባልተለመደበት ዘመን እጅግ ጠቃሚ የነበረ ነው። ዛይስ በ2000ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ ንድፍ በ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.5 ሲ ሶናር ስም እንደገና ሲያወጣ የፎከሱን መሸሽ አልደበቀም። ፋብሪካው ሌንሱን በመጀመሪያ በኤፍ 2.8 ትክክል እንዲሆን አስተካክሎት ነበር፤ በዚህም በኤፍ 1.5 ሲነሣ ፎከሱ ወደ ፊት ይወድቃል። በኤፍ 1.5 ትክክል እንዲሆን የተስተካከለው ደግሞ በኤፍ 2.8 ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያስደስት ማስተካከያ የለም፤ ባለቤቱ ሌንሱን ለምን እንደሚፈልገው መምረጥ አለበት።

ዲጂታል ሴንሰር ሲመጣ

ኤፕሰን አር-ዲ 1 እ.ኤ.አ. በ2004፣ ላይካ ኤም 8 በ2006፣ ኤም 9 በ2009 ሲወጡ ለብዙ ዓመታት በፊልም ላይ ያልተነገረባቸው ሌንሶች በድንገት «ተበላሹ»። ሌንሶቹ ግን አልተለወጡም። ፊልም ፍጹም ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀመጥም፤ ብርሃን የሚቀበለው ንብብሩም ውፍረት አለው፤ ስለዚህ ትንንሽ ስሕተቶችን ይሸፍናል። ሴንሰር ግን ጠፍጣፋ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ፎቶግራፉን በመቶ በመቶ አጉልቶ በኮምፒዩተር ማየት ጀመረ። የኤም 9 አንድ ፒክሰል ስፋት 6.8 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የብዥታውን ክብ ወሰን ከ0.03 ወደ ሁለት ፒክሰል ያህል፣ ማለትም ወደ 0.015 ዝቅ ብናደርገው፣ ቀደም ብለን ያሰላነው አስፈላጊ መሠረት ሁሉ በእጥፍ ያድጋል። ለ90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ 78 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ካሜራው ያለው 49.9 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው የላይካ ኤም ትውልድ በሴንሰሩ ላይ የሚወድቀውን ምስል በስክሪን ማሳየት ሲችል ተጠቃሚው ለመጀመሪያ ጊዜ መለኪያውንና የሚለካውን ጎን ለጎን ማስተያየት ቻለ። ከዚያ ወዲህ የሌንስን ስሕተት መመርመር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል።

በራስ መመርመር

ምርመራው በስክሪንም በፊልምም ይቻላል። ካሜራውን በማቆሚያ እግር ላይ አቁም፤ ማስመሪያን ከካሜራው አንጻር በ45 ዲግሪ ዘንበል አድርገህ አስቀምጥ፤ በ1 ሜትር ላይ በሚገኝ አንድ ምልክት ላይ አነጣጥር፤ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈት። አሥር ጊዜ አንሣ፤ በየጊዜው ፎከሱን አፍርሰህ እንደገና አስተካክል፤ ግማሹን ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ግማሹን ከቅርብ ወደ ሩቅ እያመጣህ። በማስመሪያው ላይ የሚነበበው ርዝመት በ0.7 ሲባዛ እውነተኛውን የጥልቀት ልዩነት ይሰጣል።

አሥሩ ውጤቶች በምልክቱ ፊትና ኋላ ከተበተኑ ስሕተቱ የዓይን ወይም የመመልከቻው ነው። ሁሉም በአንድ ወገን ከተከማቹ የመሣሪያው ነው። የመሣሪያው ከሆነ ሌላ ሌንስ በዚያው ካሜራ ላይ ሞክር፤ ሁሉም ሌንሶች ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ካሜራው፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ሌንሱ ነው። በሩቅ ትክክል ሆኖ በቅርብ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ የመለኪያ አለመስማማትን፣ በኤፍ 1.5 ትክክል ሆኖ በኤፍ 2.8 ብቻ የሚሳሳት ከሆነ የፎከስ መሸሽን መጠርጠር ያስፈልጋል። በካሜራው ውስጥ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች ከዚህ ምርመራ በፊት መንካት ግን ትልቅ ድፍረት ነው፤ አንዱን ሌንስ ለማዳን ሲሉ ሌሎቹን ሁሉ ማበላሸት ይመጣልና።

ከምርመራው በፊት መነሣት ያለበት አንድ ጥርጣሬም አለ። ብሩህዋ አራት ማዕዘን በመመልከቻው መካከል ብቻ ስለምትገኝ፣ ብዙ ሰው ዓይን ላይ አነጣጥሮ ካሜራውን ወደ ጎን በማዞር ምስሉን ያሳምራል። በ1 ሜትር ላይ ካሜራውን 15 ዲግሪ ማዞር ዓይኑን ከፎከሱ ንጣፍ 3.4 ሴንቲ ሜትር ፊት ያስቀረዋል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ የሚፈቀደው ግን 1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ የተነሣ ፎቶግራፍ ስለ ሌንሱ ምንም አይመሰክርም።

ለአንባቢ የሚተው ጥያቄ፦ ከኤም 6 ዓይነቶች አንዱ ነገሮችን በ0.58 እጥፍ የሚያሳይ መመልከቻ ነበረው። ይህ ካሜራ ለ75 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ይበቃልን? የብዥታውን ክብ አንድ ጊዜ 0.03፣ አንድ ጊዜ 0.015 አድርጋችሁ አስሉት። ውጤታማ መሠረቱ 40.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ካገኛችሁ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።